የሕፃን መንጋጋ ሲያብጥ

(በቅሬያችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

የቅሬያችን ዳኛ «ዘንድሮ አንቱም አንድ ነገር ይናገሩ» ሲሉኝ ስለ ሒሳብና ስለ ደረሰኝ የምናገር መስሏቸው ነበር። አልፈርድባቸውም፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት መዝገብ ቤት ተቀምጦ የኖረ ሰው ከፋይልና ከማኅተም ሌላ ምን ያውቃል? ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ሐኪም አለመሆኔን አስቀድሜ እነግራችኋለሁ። ነገር ግን የልጅ ልጄን ይዤ ከሐይቅ ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ ስመላለስ ከሁለት ዓመት በላይ አሳልፌአለሁ። በዚያን ጊዜ ሐኪሞቹ የነገሩኝን ሁሉ በደብተር እጽፍ ነበር፤ የቆየ ልማድ ነው፣ የሰማሁትን ሳልጽፍ አላድርም። አሁን የማወራላችሁ ከዚያ ደብተር ነው።

የማነሣው ጉዳይ በሕፃናት መንጋጋ ላይ ስለሚወጣ እብጠት ነው፤ ይኸውም ነቀርሳ ስላልሆነው ዓይነት። «ቅሬ ለሞተ ሰው ነው፤ የማይገድል በሽታ ምን ሊሆን እዚህ ይነሣል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ምክንያቴ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ይህ የማይገድል ነገር በእኛ ቸልታ የልጁን ጥርስና የፊቱን ግማሽ ይዞ ሊሄድ ስለሚችል ነው። ሁለተኛው፣ ገንዘብ ልጠይቃችሁ ስለሆነ ነው፤ እሱን ወደ ኋላ አመጣዋለሁ፣ አሁን እንዳትነሡብኝ።

ነገሩ የተጀመረው በ2010 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው፤ ጡረታ የወጣሁበት ዓመት ነው። ልጁ ስምንት ዓመቱ ነበር። ለትምህርት ቤት ጉርድ ፎቶግራፍ ተፈልጎ ፎቶ ቤት ወሰድኩት። ፎቶ አንሺው «ማሙሽ፣ ቀጥ በል» ይለዋል፤ ልጁ ቀጥ ይላል። «አሁንም ዘንበል ብለሃል» ይለዋል። ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሆነ በኋላ ፎቶው ወጣ። ስናየው የተጣመመው አንገቱ ሳይሆን ፊቱ ነው። የግራው ታችኛ መንጋጋ ወጣ ብሏል። በየቀኑ አብረነው ከአንድ ትሪ እየበላን እኛ አላየነውም፤ ካሜራ አየው።

ከዚያ እንግዲህ የጎረቤት ምርመራ ተጀመረ። አንዱ ጆሮ ደግፍ ነው አለ። ሌላዋ ሞኝ ባገኝ ነው፣ እንዳይነካ አለች። ቡና ላይ የተቀመጠ ሁሉ፣ ከአቦል እስከ በረካ፣ አንድ አንድ በሽታ ሰጠው። ይተኮስ ያሉም ነበሩ፤ እሱን እንኳ እናቱ እንቢ አለች፣ ዕድሜ ይስጣት። ፀበሉም ዱዓውም አልቀረም፤ ይህ ከሐኪም ጋር እስከሆነ ድረስ የሚጎዳው የለም። በመጨረሻ አንድ ጥርስ የሚነቅል ሰው ዘንድ ወሰድነው። ስሙን አልጠራም። የወተት መንጋጋውን ነቀለና «በቃ፣ የተበላ ጥርስ ነው» ብሎ ሸኘን። እብጠቱ አልጎደለም። በወሩ ተመለስን፤ አጠገቡ ያለውን ደገመው። ኋላ እንደ ተረዳሁት ሁለተኛው ጥርስ ምንም ያልነበረበት ነው።

ልብ አድርጉ፤ ልጁን አላመመውም። ይበላል፣ ይሮጣል፣ ሐይቁ ዳር ወርዶ ዓሣ ሲጠመድ ያያል። ያዘናጋንም ይኸው ነው። እኛ ዘንድ በሽታ ማለት የሚያስጮኽ ነገር ነው። ሌሊት የሚያስለቅስ ጥርስ ቢሆን ኖሮ በማግሥቱ መኪና እንሳፈር ነበር። ዝም ያለ እብጠት ግን እንደ ቤተሰብ ይለመዳል።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለሌላ ጉዳይ ቤታችን መጥታ ልጁን አየችው። «ጋሼ፣ ይህ እኮ ያበጠው ድዱ አይደለም፣ አጥንቱ ነው። ነገ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት» አለችኝ። ወሰድኩት። እዚያም አይተው ወደ ደሴ ሆስፒታል የሪፈር ወረቀት ጻፉልን። ይህ የሆነው በኅዳር ወር ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት እናገራለሁ። ያ ወረቀት ከኅዳር እስከ ሰኔ ኮቴ ኪስ ውስጥ ተቀመጠ። ሰባት ወር! ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ «ጉዳዬ የት ደረሰ?» እያለ ደጄ የቆመውን ሰው «ነገ ተመለስ» ስል የኖርኩ፣ የገዛ የልጅ ልጄን ጉዳይ ኪሴ ውስጥ አሳደርኩት። መጀመሪያ አዝመራ ነው አልን። ከዚያ የትንሿ ልጄ ሠርግ መጣ። ከዚያ ጾም ገባ። ከዚያ ደግሞ ዘር ደረሰ። «ደግሞስ አያመው» ማለት ለሁሉም መልስ ሆነ።

ሰኔ ላይ ባለቤቴ ልጁን ፊቱን ስታጥበው ጉንጩን ጫን ብታደርገው፣ አጥንቱ እንደ ዕንቁላል ቅርፊት ቅጭ አለ። ጮኻ ጠራችኝ። እኔም ነካሁት፤ እውነትም ያ ጠንካራ የመንጋጋ አጥንት ስስ ሆኖ ይንኳኳል። በማግሥቱ ደሴ ነበርን። ሠላሳ ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ሰባት ወር ፈጀብን ማለት ነው።

ደሴ ላይ ራጅ ተነሣ። ያ ራጅ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። በነጩ አጥንት መካከል የድርጭት ዕንቁላል የሚያህል ጥቁር ክብ ይታያል፤ ክቡ ውስጥ አንድ ጥርስ ተጋድሞ ተኝቷል። ሐኪሙ ጣቱን በጥርሱ ላይ አድርጎ «አባባ፣ ይህ መውጣት የሚገባው ቋሚ ጥርስ ነው፤ ውሃ ውስጥ ተኝቶ ቀርቷል» አለኝ። ለዚህ ሥራ የሚሆነው የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሐኪም በመሆኑ ወደ አዲስ አበባ አስተላለፈን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሕፃን መንጋጋ ባዶ አይደለም። በአፉ ከሚታዩት ሃያ የወተት ጥርሶች ሥር የቋሚዎቹ ቡቃያዎች በአጥንቱ ውስጥ ተቀምጠዋል። የስድስት ዓመት ልጅ መንጋጋ ውስጡ ቢታይ የዘር ጎተራ ይመስላል። እያንዳንዱ ጥርስ በራሱ ትንሽ ከረጢት ተጠቅልሎ ያድጋል። እናቶች እንሽርትን ታውቃላችሁ፤ እንደዚያው በሉት። ጊዜው ሲደርስ ጥርሱ ከረጢቱን ሰንጥቆ ይወጣል። አንዳንድ ጊዜ ግን ጥርሱ ሳይወጣ ይቀርና ከረጢቱ ውሃ ይቋጥራል። ውሃው ሲጠራቀም አጥንቱን ከውስጥ ይገፋዋል፤ በቀስታ ስለሚገፋው አያምም። አጥንቱ ይሳሳል፣ አጎራባች ጥርሶች ከቦታቸው ይንሸራተታሉ፣ ፊት ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። ነቀርሳ አይደለም፤ ወደ ሳንባና ወደ ጉበት አይሄድም። ሆኖም ካልተነካ ቦታ መውሰዱን አያቆምም። መግል የያዘ እንደሆነ ደግሞ ያኔ ሕመሙ ይመጣል፤ አጥንቱም በጣም ከሳሳ በትንሽ ውድቀት ሊሰበር ይችላል።

አዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ያየችን ሐኪም የልጄ እኩያ የምትሆን ሴት ናት። ራጁን መስኮት ላይ ሰቅላ ብዙ ጊዜ ዝም ብላ አየችው። ከዚያ ወንበሯን ወደኛ አዙራ «አባባ፣ ሁለት መንገድ አለን» አለች። «አንደኛው ከረጢቱን ከነጥርሱ ጠርጎ ማውጣት ነው። በአንድ ጊዜ ያልቃል። ነገር ግን ቋሚ ጥርሱ አብሮ ይሄዳል፤ አጠገቡ ያሉት ቡቃያዎችም ሊጎዱ ይችላሉ፤ ለከንፈሩ ስሜት የሚሰጠው ነርቭም እዚያው ሥር ነው ያለው። ሁለተኛው ከረጢቱ ላይ መስኮት ከፍቶ ውሃውን ማፍሰስ፣ መስኮቱም እንዳይዘጋ ትንሽ ቱቦ አድርጎ መጠበቅ ነው። ግፊቱ ሲቀር ከረጢቱ እየጠበበ ይመጣል፣ አጥንቱ ከሥር ይሞላል፣ ጥርሱም መንገድ ካገኘ በራሱ ሊወጣ ይችላል። ልጅ ስለሆነ አጥንቱ ፈጥኖ ይሞላለታል። ችግሩ ወራት ይፈጃል፤ ቤት ውስጥ በየቀኑ የሚያጥብለት ሰው ከሌለ ደግሞ እንዳታስቡት።»

ቀጥላም «ማነው የሚያጥብለት?» ብላ ወደኔ አየች። እኔ መልስ ስፈልግ ባለቤቴ «እኔ» አለች። በዚሁ ተወሰነ።

የሕክምናውን ስም እንደ ሰማሁት ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ማርሱፒያላይዜሽን ይባላል። ትርጉሙን ብጠይቃት ሳቀችና ካንጋሩ ልጇን የምትይዝበት ኪስ አለ አይደል፣ ከዚያ የመጣ ስም ነው አለችኝ። የተዘጋውን ከረጢት የተከፈተ ኪስ ማድረግ ነው ለማለት ነው።

ልጁ ማደንዘዣ ተሰጥቶት ሥራው ተሠራ። ያን ዕለት ከከረጢቱ ግድግዳ ቁራጭ ተወስዶ ለምርመራ ተላከ። ይህን ነገር ደጋግሜ ልነግራችሁ እፈልጋለሁ፤ ከልጅ መንጋጋ ውስጥ የወጣ ማናቸውም ነገር ተመርምሮ ስሙ በወረቀት መምጣት አለበት። በራጅ ሲታዩ የሚመሳሰሉ ብዙ ዓይነቶች አሉ። አንዳንዱ ተጠርጎ ወጥቶ ከዓመታት በኋላ የሚመለስ ነው፤ አንዳንዱ የማይመለስ ነው፤ ሕክምናቸውም የተለያየ ነው። «አወጣነው፣ ጣልነው» የሚላችሁ ቢኖር እንቢ በሉ፣ ይመርመር በሉ።

ውጤቱ ሦስት ሳምንት ቆየ። በሥራ ዘመኔ ስንቱን ወረቀት አንብቤአለሁ፤ ከሥራ የሚያሰናብት፣ የሚያሳስር፣ ቤት የሚያስወርስ። እንደዚያ ወረቀት ያስፈራኝ የለም። ሐኪሟ ራሷ አንብባ «አባባ፣ አይዞዎት፤ ነቀርሳ አይደለም። ያልነው የጥርስ ከረጢት ነው» አለች። ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ቀደም ብላ አላለቀሰችም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ የሠራው ሐኪም አይደለም፤ እሷ ናት። ጠዋትና ማታ፣ ደግሞም ከምግብ በኋላ፣ ውሃ አፍልታ ታቀዘቅዛለች፤ ጨው ትጨምርበታለች፤ መርፌ በሌለው ስሪንጅ በቱቦው ቀዳዳ ውስጥ ቀስ አድርጋ ትረጨዋለች፤ የገባው ውሃ የምግብ ፍርፋሪ ይዞ ይወጣል። የመጀመሪያው ሳምንት ጦርነት ነበር። ልጁ ከአልጋ ሥር ይደበቃል፤ እኔ እግሩን እይዛለሁ፤ እሷ «አብሽር የኔ ልጅ፣ አብሽር» እያለች ትረጫለች። በሁለተኛው ወር ልጁ መስተዋት ይዞ ራሱ ማጠብ ጀመረ። ጓደኞቹን ሰብስቦ በአንድ ወገን የገባ ውሃ እንዴት ተመልሶ እንደሚወጣ ያሳያቸው ነበር፤ ሳንቲም እየተቀበለ ነው ያሉኝ አሉ፣ አላጣራሁም።

በየሁለት ወሩ አዲስ አበባ እንሄዳለን። በየጊዜው ቱቦው ይታጠራል፤ ጉድጓዱ እየጠበበ ነውና። ራጁ ላይ ጥቁሩ ክብ እየቀነሰ፣ የተጋደመው ጥርስ እየተነሣ ሲመጣ በተራ አየን። በአሥረኛው ወር ቱቦው ወጣ። ከጥቂት ወራት በኋላ ያ ውሃ ውስጥ የተኛው ጥርስ በድዱ ላይ ነጭ ጫፉን አወጣ። የሰባት ወሩ መዘግየት ግን ያለ ዋጋ አልቀረም፤ ከፊቱ ያለው ጥርስ ከቦታው ርቆ ስለነበር ዛሬም ጠማማ ነው። ሲስቅ ይታያል። እኔ ሁልጊዜ አየዋለሁ።

እዚያ ስንመላለስ ሌሎችንም አይተናል። ሁሉም እብጠት የኛ ልጅ ዓይነት እንዳይመስላችሁ። የብዙው መነሻ የተበላ የወተት ጥርስ ነው። «ይወድቅ የለም እንዴ» ተብሎ የተተወ ጥርስ ሥሩ መግል ይቋጥርና ከሥሩ ያለውን ቡቃያ ያበላሻል። ይህኛው በጊዜው ከተያዘ በአነስተኛ ሕክምና የሚያልቅ ነው።

ከአምባሰል ወገን፣ ከውጫሌ አካባቢ የመጣች አንዲት እናት አሥራ አንድ ዓመት የሆናት ልጅ ይዛ ነበር፤ የልጅቱ የላይኛው መንጋጋ ከጉንጯ ጋር አብጧል። «ጋሼ፣ ቆርጠው ያወጡልናል ብዬ በሬ ሸጬ ብመጣ፣ ጠብቂ ይሉኛል» ብላ ተማረረችብኝ። እኔም ለጊዜው እውነቷን ነው ብዬ ነበር። ኋላ ሐኪሟን ስጠይቃት አስረዳችኝ። የዚያች ልጅ አጥንት ራሱ ነው በጅማት መሰል ነገር እየተተካ የሚያብጠው፤ ከረጢት የለውም፣ ተጠርጎ አይወጣም። አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ዕድገቷን ስትጨርስ እሱም ይረጋል፤ ያኔ የተረፈው ተሞርዶ ፊቷ ይስተካከላል። ዓይንን ወይም ትንፋሽን የሚያስቸግር ካልሆነ በቀር ቀድሞ መቸኮል ደግሞ ደጋግሞ ማረድ ይሆናል። በጨረር እናቃጥለው ማለትም ክልክል ነው፤ ወደ ክፉው ሊለውጠው ይችላል። ስለዚህ በየስድስት ወሩና በየዓመቱ እየለኩ መጠበቅም ሕክምና ነው። ለዚያች እናት ተመልሼ በገባኝ መጠን ነገርኳት፤ ስለ በሬው ግን ምንም ማለት አልቻልኩም።

አንድ አሥራ ስድስት ዓመት የሚሆነው ጎረምሳም ነበር። የሱ እብጠት አሜሎብላስቶማ ይባላል፤ ጥርስ ከሚሠራው ሥጋ የሚነሣ ዕጢ ነው። በስሙ ነቀርሳ አይባልም፤ በጠባዩ ግን ክፉ ነው። አጥንት ይበላል፤ በላዩ ቢጠርጉት ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ስለዚህ አድጎ ከተገኘ ከዙሪያው ካለው ደህና አጥንት ጭምር ይቆረጣል፤ የጎደለውም ከዳሌ ወይም ከእግር በተወሰደ አጥንት ይሞላል። ልጁ አራት ዓመት ተሸክሞት እንደ ኖረ አጫወተኝ። ሻሽ ተከናንቦ ነበር የሚቀመጠው።

ጥርስ የቋጠረ እብጠትም አለ። ይህን በጆሮዬ ባልሰማ አላምንም ነበር። በ2011 ዓ.ም. በህንድ አገር ቼናይ በምትባል ከተማ ከአንድ የሰባት ዓመት ልጅ መንጋጋ ውስጥ አንድ ከረጢት ወጣ፤ ሲከፈት 526 ጥርስና ጥርስ መሰል ነገሮች ተቆጠሩበት። አንዳንዱ የጤፍ ጓደኛ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ወላጆቹ እብጠቱን ያዩት ልጁ ሦስት ዓመት ሲሆነው ነበር። ትንሽ ስለነበረና ልጁም ለመታየት እንቢ ስላለ ቆዩ። እንግዲህ ወረቀት ኪሱ ያሳደረው እኔ ብቻ አይደለሁም። ያ ዓይነቱ እብጠት ግን አንዴ ከወጣ በኋላ እምብዛም አይመለስም፤ ልጁም ዳነ።

አሁን ከዚህ ሁሉ የሚለየውን ልንገራችሁ። እስካሁን ያወራሁት በወራትና በዓመታት ስለሚያድገው ነው። የልጅ መንጋጋ በቀናትና በሳምንታት ካበጠ፣ ጥርሶቹ ከተነቃነቁ፣ ሆዱም ካበጠ፣ ያ ሌላ ነገር ነው፣ ለአንድ ቀንም አይታደርም። በ1957 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዴኒስ በርኪት የተባለ የአየርላንድ ሰው፣ በካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም ሳለ፣ መንጋጋው በሁሉም ወገን ያበጠ አንድ የአምስት ዓመት ልጅ አየ። ቆይቶም እንዲሁ ያለ ሌላ ልጅ አየ፤ ከዚያ በኋላ በአፍሪካ አገሮች እየዞረ በሽታው ወዴት እንደሚበዛ መረመረ። ወባ በሚበዛበት ቆላ የሚበዛ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ በስሙ ይጠራል። ያ እውነተኛ ነቀርሳ ነው፤ እጅግ ፈጣን ነው። ሆኖም በመድኃኒት ፈጥኖ ከተያዘ ብዙ ልጆች የሚድኑበት ነው። ስለዚህ ቀስ ያለውን በጊዜው፣ የፈጠነውን በዚያው ቀን ነው።

ስለ ግግ አንድ ቃል ሳልናገር አላልፍም፤ አያቶች ትቆጡኝ ይሆናል። ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው «ግግ ነው» ብሎ ድዱን ማስቧጠጥ እኛ አካባቢ የነበረ ነገር ነው፤ ዛሬም ጨርሶ ቀርቷል አልልም። ከድዱ ውስጥ እንደ ትል ነጭ ሆኖ የሚወጣው እኮ ትል አይደለም፤ ገና ያልጠነከረ የክራንቻ ቡቃያ ነው። ሕፃኑን ለደም መፍሰስና ለቁስል ከመዳረጉም ሌላ፣ ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስ ሳይወጣ እንዲቀር ወይም ጎድሎ እንዲወጣ ያደርገዋል። እናቴ እኔንም አስቧጥጣኛለች፤ ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ስለምትወደኝ ነው።

እናንተ ቤት ውስጥ ምን ማየት አለባችሁ ካላችሁኝ፣ ሐኪሟ ያለችኝን ልድገመው። ልጁን ከፊት ለፊት አስቀምጡና ሁለቱን ጉንጮች አስተያዩ። አንድ ቋሚ ጥርስ በቀኝ ወጥቶ የግራ ጓደኛው ስድስት ወር ካለፈው አሳዩት። የወተት ጥርስ ጓደኞቹ ወድቀው እሱ ብቻ ከቀረ አሳዩት። ደህና የነበረ ጥርስ ማጋደል ከጀመረ፣ ወይም ከንፈሩ ከደነዘዘ፣ አሳዩት። አለማመሙን ምክንያት አታድርጉት።

ወደ ወረቀቱና ወደ ገንዘቡ ልምጣ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአገራችን ሲሞከር በ2003 ዓ.ም. ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ የኛው ተሁለደሬ ነበር። ከአማራ ክልል ከፎገራና ከደቡብ አቸፈር ጋር ማለት ነው። ስለዚህ መድኑን ከማንም ቀድመን ያየን ሰዎች ነን። ሆኖም የልጄ ቤት በዚያ ዓመት መዋጮውን ሳያድስ ወሩ አልፎት ነበር። ደብተሩ አለ፣ ማኅተሙ ግን ያለፈው ዓመት ነው። ያላደሰ ሰው ያልተመዘገበ ያህል ነው። ደግሞም መድኑ የሚሠራው ከጤና ጣቢያ ተነሥቶ በሪፈር ለሚሄድ ነው፤ ዘልሎ ትልቁ ሆስፒታል የገባ ከኪሱ ነው። ውሉ እስከየትኛው ሆስፒታል እንደሚደርስ ሳትነሡ ከወረዳው ጠይቁ። ሰው ሠራሽ ጥርስ አይሸፍንም፤ የመኪናና የማደሪያም አይሸፍንም።

ደረሰኝ አልጥልምና ቁጥሩን ላንብብላችሁ። በሁለት ዓመቱ ውስጥ ከኪሴ የወጣው 11,400 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ ለሕክምናው ራሱ፣ መድን ሳይኖረን ማለት ነው፣ የከፈልኩት 2,350 ብር ብቻ ነው። የቀረው 9,050 ብር ለመኪና፣ ለአልጋና ለምግብ የወጣ ነው። ያን ጊዜ የነበረውን ብር ከዛሬው ጋር እያስተያያችሁ ስሙኝ። ያች የአምባሰል እናት በሬዋን የሸጠችው ለሐኪም አይደለም፤ ለመንገድ ነው። ለዚህ ዓይነት ሕክምና የሠለጠኑ ሐኪሞች የሚበዙት አዲስ አበባ ነው። ፕሮጀክት ሐረር የተባለ በእንግሊዝ አገር የተቋቋመ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከ1993 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ፊታቸው የተጎዳ የገጠር ሰዎችን ወደ አዲስ አበባ እያመጣ ሲያሳክም ቆይቷል፤ እነሱም ቢሆኑ ዋናው ሥራቸው ሰውየውን ከደጁ አንሥቶ ማምጣት ነው።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። ከወር መዋጮአችን ጋር ከየቤቱ 5 ብር ተጨምሮ ለብቻው ይቀመጥ። አባል የሆነ ሰው ልጁ ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ሲጻፍለት፣ ወረቀቱን አሳይቶ የመንገድ ይበደር፤ ወለድ አይኑርበት፤ አዝመራ ሲገባ ይመልስ። ቅሬያችን ድንኳንና ድስት ያለው ሰው ሲሞት ለማገልገል ነው፤ አውቃለሁ። ገንዘቡም ከቀብሩ ገንዘብ ጋር አይቀላቀል፤ ሁለት ደብተር ይሁን። አንድ ተጨማሪ አንቀጽም ይግባበት። ሪፈር የተጻፈለት አባል በሰባት ቀን ውስጥ ካልተንቀሳቀሰ፣ የቅሬው ጸሐፊ ቤቱ ድረስ ሄዶ «ወረቀቱ የት ደረሰ?» ብሎ ይጠይቀው። ጸሐፊ የሚጠፋ እንደሆነ ሥራውን እኔ ያለ አበል እሠራዋለሁ።

ስለ ልጁ የጠየቃችሁኝ ነበራችሁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እኛ ዘንድ ሲደርስ የክትትል ቀጠሮው አለፈን። ቤት ጥለን ስንወጣ ባለቤቴ የያዘችው ዱቄቱንና ያን የራጅ ፖስታ ነው። ኋላ አገር ሲረጋ ወስደን አሳየነው፤ አጥንቱ ሞልቷል፣ የተመለሰ ነገር የለም። ዘንድሮ አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቶታል፤ አሥረኛ ክፍል ነው። በየዓመቱ አንድ ጊዜ ራጅ ይነሣል፤ ቀጠሮውን የሚጽፈው እሱ ራሱ ነው፣ እኔን አያምነኝም።

ራጆቹን ሁሉ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ይዤ መጥቻለሁ። እዚያ መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ናቸው። ቡናው እስኪደርስ ድረስ ማየት የሚፈልግ ወደ ብርሃኑ አድርጎ ይያቸው፤ ጥርሱ በመጀመሪያው ላይ ተኝቷል፣ በአምስተኛው ላይ ቆሟል።